እርፍ የጨበጠች፣ ምጣድ የጣደ፦ የአውራ አምባ ጉዳይ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በጎንደር መንገድ ወረታ የደረሰ ሰው ወደ ቀኝ ታጥፎ የደብረ ታቦርን መንገድ ቢይዝ ብዙም ሳይሄድ የአውራ አምባን መገንጠያ ያገኛል። ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ። ወደ አምስት መቶ ሰው የሚኖርባት፣ የጭቃ ቤቶቿ ተጠጋግተው የተሠሩ ትንሽ መንደር ናት። በቴሌቪዥን ያላያት ጥቂት ነው፤ ወንድ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴት በሬ ጠምዳ ስታርስ፣ ሙሽሮች ያለ ድግስ ሲጋቡ። ዘገባው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል፤ ተመልካቹም "ይገርማል" ብሎ ወደ ሌላ ጣቢያ ይሄዳል።

እኔን የሚይዘኝ ከመገረሙ በኋላ ያለው ጥያቄ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ነገር በወንዶች ደግነት ብቻ አይቆምም። ደግነት ሲደክሙ ይረሳል፣ ልጅ ሲወለድ ይረሳል፣ እንግዳ ሲመጣማ ጨርሶ ይጠፋል። ታዲያ አውራ አምባን ያቆማት ምንድን ነው? እኔ የማየው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የቤት ሥራ እንደ እርሻውና እንደ ሽመናው ሥራ ተብሎ መቆጠሩ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማንም የራሱን ድርሻ ከእሱ ለባሰች ድሃ ሴት የሚያሻግርበት ቀዳዳ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው ብዙ አይወራለትም፤ ለእኔ ግን ትልቁ እሱ ነው።

ያኔ የነበረው ደንብ

መንደሯ የተመሠረተችው በ1964 ዓ.ም. ገደማ ነው። ያን ጊዜ የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ ያደርገዋል። ወረድ ብሎ በአንቀጽ 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ የቤት አገልጋይ ሊያቆምላት አቅም ከሌለው የቤቱን ሥራ ራሷ የመሥራት ግዴታ አለባት የሚል ሐሳብ አለ። ይህችን ሁለተኛዋን አንቀጽ አንባቢ ይያዝልኝ። ጓዳው የሴት ነው፤ ጥያቄው የትኛዋ ሴት ትገባበታለች የሚለው ብቻ ነው።

ሕጉ እንዲህ ካለ የልማዱ አይጠየቅም። "ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት" ተብሎ የተተረተው በከንቱ አይደለም። በደጋው አገር ሴት ታርማለች፣ ትኮተኩታለች፣ ታጭዳለች፣ እበት ትዝቃለች፣ እህል ተሸክማ ገበያ ትወርዳለች። እርፍ መጨበጥ ግን የእሷ አይደለም። ይህን ክልከላ ብዙ ሰው እንደ ነውር ወይም እንደ ጉልበት ጉዳይ ያየዋል፤ እኔ ግን በዋናነት የገንዘብ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት መሬት ቢኖራት እንኳ አራሽ ያስፈልጋታል። ለአቅመ እርሻ የደረሰ ወንድ ልጅ ወይም የሚያዝንላት ወንድም ከሌላት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ ከአውድማው ግማሹ ወደ አራሹ ጎተራ ይገባል። መሬት ያላት ሴት በራሷ መሬት ላይ ግማሽ ባለቤት ትሆናለች ማለት ነው። የሚደበድባትን ባል ትታ ለመሄድ የምታስብ ሴት መጀመሪያ የምትሠራው ሒሳብ ይህ ነው። እርፉ የተከለከለባት ሴት ማዕድ ቤት ውስጥም አፏን ሞልታ መናገር አይሆንላትም።

ወንዱም ቢሆን በበኩሉ ከምጣዱ የተከለከለ ነው። ጓዳ ገብቶ ሊጥ ሲያቦካ የታየ ጎረምሳ "ሴታ ሴት" ተብሎ ይቀራል፤ እናቱ ታማ አልጋ ላይ ብትውል እንኳ የጎረቤት ልጅ ትጠራለች እንጂ እሱ ምጣድ አይጥድም። ልዩነቱ የወንዱ ክልከላ እረፍት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ሰውየውና ጥያቄያቸው

መንደሯን የመሠረቱት ዙምራ ኑሩ ከሙስሊም ቤተሰብ የተወለዱ፣ የቀለም ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ የዚያው የደቡብ ጎንደር ሰው ናቸው። ከራሳቸው በማትወርድ አረንጓዴ ኮፍያቸው ይታወቃሉ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል።

ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ የሚያጫውቱት የልጅነት ነገር አለ። አባትና እናት ጠዋት አብረው እርሻ ይወርዳሉ፤ እኩል ይውላሉ። ማታ አብረው ይመለሳሉ። አባት ጋደም ይላል። እናት ግን እህሉን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ወጡን ትሠራለች፣ ልጆቹን ታበላለች፣ የባሏን እግር ታጥባለች። ራቱ ከዘገየ ስድቡም ዱላውም የሚያርፈው እሷው ላይ ነው። ልጁ "ይህ ለምን ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ፤ መልስ የሰጠው አልነበረም።

የብዙዎቻችን ልጅነት ውስጥ ይህ ሥዕል አለ። ብዙዎቻችንም የወሰድነው ትምህርት "እናቴ እንዴት ደከመች" የሚል ነው፤ ለእናቶች ቀን ግጥም የምንጽፍበት ትምህርት። ዙምራ ያነሡት ነገር ከዚህ ይለያል። አባታቸው ጨካኝ መሆናቸው ላይ አይደለም የቆሙት፤ ሰዓቱን ነው የቆጠሩት። ሁለት ሰው እኩል ከዋለ ለምን አንዱ ብቻ ያመሻል? እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ማዘን ሊሆን አይችልም፤ ማካፈል ነው።

ጥያቄያቸው ስለ ሴቶች ብቻ አልነበረም። የሸመገለና የታመመ ሰው ጧሪ አጥቶ ለምን ይወድቃል፣ ሠራተኛ ለምን ጉልበቱ ይበዘበዛል፣ ልጅ ለምን ከአቅሙ በላይ ይታዘዛል፣ ሰው በራሱ ላይ ቢደረግ የሚጠላውን ለምን በሌላው ላይ ያደርጋል የሚሉትም አብረው ነበሩ። አንዳንዶች ይህን እንደ ተበታተነ ስብከት ያዩታል። እኔ ግን አንድ ነገር ሆኖ ይታየኛል። የታመመውን የምታስታምም፣ አሮጊቷን የምታጥብ፣ ሕፃኑን የምታዝል ማን ናት? ሽማግሌውን ማን ይጦራል የሚለውን ሳትመልስ የሴቷን ሸክም አቃልላለሁ ብትል በአንድ በኩል ያወረድከውን በሌላ በኩል መልሰህ ትጭንባታለህ።

ቤተሰባቸው እብድ አላቸው። በወጣትነታቸው ከቤት ወጥተው በየአገሩ ዞሩ፤ ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ሲፈልጉ ነው። ኋላ አውራ አምባ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች ጋር ጨዋታ ገጠመላቸው፤ እየተመላለሱ ሲወያዩ ቆይተው ጥቂት ቤተሰቦች አብረው ሊኖሩ ተስማሙ።

መሬቱ ሄዶ ሽመናው ቀረ

በደርግ መጨረሻ ዓመታት አካባቢው የጦርነት ቀጠና ሆነ። ማኅበረሰቡም የመንግሥትን ተቃዋሚዎች ትደግፋላችሁ ተብሎ ተከሰሰ፤ ጎረቤትም ከመጀመሪያው ጠምዶ ይዟቸው ነበር። ነፍሳቸውን ይዘው ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ እስከ ካፋ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም. ገደማ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ጠበቃቸው። የቀረላቸው 17 ሄክታር ተኩል ያህል ነው። ይህ ለመንደሩ ሰው ቢካፈል ለአንድ ነፍስ የጥማድ ሩብ እንኳ አይደርስም፤ ያውም የቤቱ፣ የመንገዱና የትምህርት ቤቱ ቦታ ሳይቀነስ።

በእርሻ እንደማይኖሩ የታወቀ ነው። ፊታቸውን ወደ ሽመና፣ ወደ ወፍጮ፣ ወደ ንግድ አዞሩ። ስለ አውራ አምባ ሲወራ ይህ ክፍል እንደ መከራ ታሪክ ብቻ ይነገራል፤ የእኩልነቱ ነገር የጠነከረው ግን እዚሁ ላይ ይመስለኛል። ምክንያቱን ላስረዳ።

ሽመና በሰሜኑ አገር የተናቀ ሥራ ነበር። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ፋቂ እየተባለ ስም የሚወጣለት፣ ቡዳ ነው እየተባለ የሚታማ፣ ልጅ የሚከለከል ባለሙያ ነው። ባለ በሬ ገበሬ የነበረ ሰው የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሲያስገባ በጎረቤቱ ዓይን አንድ ጊዜ ወድቋል። ይህን የዋጠ ሰው ከምጣዱ አጠገብ ሲቆም "ሰው ምን ይለኛል" የሚለው ፍርሃት ምን ያህል ይቀረዋል? እርግጥ ግምት ነው፤ ግን የወንድነት ክብር እርሻ ላይ ተተክሎ በቆየበት አገር መሬቱ መሄዱ ብቻውን ብዙ ነገር እንደሚያላላ ለመገመት አይከብድም።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ጠባይ ነው። በባህላዊው ሥራ ሽመናው የወንድ፣ ፈትሉ የሴት ነው። አገር ልብስ ላይ ድሩ የፋብሪካ ክር ቢሆን እንኳ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነበት ብዙ ነው፤ አንድ ሸማኔ ቶሎ ሸምኖ የሚጨርሰውን ማግ ለመፍተል እንዝርት ለቀናት መሾር አለበት። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ ነው ወደ ክር የሚሄደው። ወንዶቹ አንፈትልም ቢሉ፣ ሴቶቹ ሽመና እንዳይነኩ ቢከለከሉ ምን ይሆናል? ሸማኔው ማግ ሲጠብቅ ይውላል፤ ፈታዮቹ ደግሞ ሌሊት ተቀምጠው እንኳ አይደርሱለትም። በሽመና የሚኖር መንደር ይህን ዓይነት ብክነት አይችለውም።

ስለዚህ ዛሬ ወደ ሽመና አዳራሹ የገባ ሰው የሚያየው እንዲህ ነው፦ ሴቷ ከመሸመኛው ፊት ተቀምጣ መርገጫውን እየረገጠች መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ታስወነጭፋለች፤ ከዚያው ግቢ ጎልማሳ ወንድ እንዝርቱን ጭኑ ላይ አሹሮ ባዘቶውን ወደ ላይ እየሳበ ክር ያወጣል። ማንም ትርኢት አያሳይም። ትእዛዝ አለባቸው፤ ጋቢውና ፎጣው ለገበያ መድረስ አለበት።

ድርሻው

የሥራ ድልድሉ መነሻ ችሎታና አቅም ነው። ያልቻለ አይገደድም፤ እርጉዟ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣታል፤ የሸመገሉት አይሠሩም፣ የሚጦሩበት ቤት አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ገቢው ለአቅመ ደካሞች ይውላል። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባላት በዓመቱ መጨረሻ ትርፉን የሚካፈሉት እኩል ነው። ወፍጮ ላይ የዋለው፣ ሽመና ላይ የዋለችው፣ ሱቁን የጠበቀው፣ እንግዳ ተቀብላ ያስጎበኘችው፣ ሕፃናቱን ስትጠብቅ የዋለችው አንድ ዓይነት ድርሻ አላቸው።

የመጨረሻዋ ላይ ላፍታ እንቆይ። ልጅ መጠበቅ ከሽመና እኩል ሲከፈል ሥራው "የሴት" የሚባልበት ምክንያት ግማሹ ይጠፋል። ሴት ልጅን ለዝቅተኛው ሥራ የምናጨው ሥራው በተፈጥሮ የእሷ ስለሆነ አይመስለኝም፤ ስለማይከፈል ነው። የሚከፈልበት ቀን ሲመጣ ወንዱም ይሰለፍበታል። በቤቱ እንጀራ የሚጋግር ወንድ በማይታይበት ከተማ ውስጥ ታዋቂ ወንድ ሼፎች እንዳሉ አትርሱ።

ወፍጮውም የራሱ ነገር አለው። በእጅ ወፍጮ የፈጨች ሴት ያላትን ሌሊት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን መሬት ተክላ፣ ዶሮ ሳይጮህ የምትጀምረው ሥራ ነው። የአውራ አምባ ወፍጮ ለማኅበሩ ገቢ ነው፤ የአካባቢው ገበሬም እህሉን ጭኖ ይመጣበታል። ግን ከገቢው በፊት ለሴቶቹ የመለሰላቸው ሰዓት አለ። ስለ እኩልነት ስናወራ ብዙ ጊዜ ስለ አመለካከት ብቻ እናወራለን። አንዳንዴ አመለካከት ከመቀየሩ በፊት ሥራው ራሱ መቀነስ አለበት፤ ያነሰ ሥራ ለማካፈልም ይቀላል።

እምቢ ያለስ? ይህ ነው የብዙው የመሥሪያ ቤት የሥርዓተ ፆታ ክፍል ችግር፤ ሥልጠና ይሰጣል፣ ፖስተር ይለጥፋል፣ ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት ያሠራል፣ "አልሠራም" ያለውን ግን የሚጠይቅበት ሥልጣን የለውም። አውራ አምባ ሥራዋን የምትመራው በተመረጡ ኮሚቴዎች ነው፤ ከአሥር በላይ ናቸው፤ ወንድም ሴትም ይመረጡባቸዋል። ከእነሱ መካከል ቅሬታ የሚሰማ አለ። ከዚያ በፊት ግን ቤተሰቡ ራሱ በየጊዜው ተቀምጦ ይወያያል፤ ልጅም አባቱን "ይህን አላደረግክም" ብሎ ይወቅሰዋል። በእኛ ቤት ቢሆን ባለጌ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን የቤት ውስጥ ሥራን ማን እንደሠራና ማን እንዳልሠራ ከልጅ በላይ የሚያውቅ ምስክር የለም። ያንን ምስክር ማፈን ያስለመደ ቤት ሌላውን ደንብ ቢያወጣ ምን ይጠቅመዋል?

ከጋብቻው በፊት

በመንደሯ ደንብ ሴት ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በታች አያገቡም። የአገሪቱ ሕግ ለሁለቱም 18 ነው፤ እሱም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የመጣ ነው። አማራ ክልል ያለዕድሜ ጋብቻ ሥር ከሰደደባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአሥራ ሁለት ዓመቷ የተዳረች ልጅ የምትገባው ከአማቷ ጓዳ ነው። ከእሷ ጋር ሥራ ተከፋፍሎ ለመኖር የፈለገ ጨዋ ባል እንኳ ቢገኝ ልጅቷ የምትነጋገርበት አንደበት የላትም። የዕድሜው ደንብ ከሌለ የምጣዱ ደንብ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ድግስ የለም። ተጋቢዎቹ ተስማምተው አብረው መኖር ይጀምራሉ፣ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ሠርግ ወዳድ አንባቢ ይህን ሲሰማ ፊቱን እንደሚያጨፈግግ አውቃለሁ፤ እኔም ሠርግ እወዳለሁ። ግን ድንኳን ሲተከል ሽንኩርት የሚልጠው፣ ጠላ የሚጠምቀው፣ ሌሊቱን ሙሉ ምጣድ ላይ የሚያድረው ማን እንደሆነ ማሰብ ደስታውን ትንሽ ይቀንሰዋል። የሠርግ ዕዳው ሌላ ነገር ነው።

ያስከፈላቸው

አውራ አምባ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላትም። ማኅበረሰቡ በአንድ ፈጣሪ ያምናል፤ ጸሎቱ መልካም ሥራ ነው ይላል። በዓላትም ከሥራ አያግዱትም፤ ሰው ሲሞት ጥቂቶች ይቀብሩታል፣ ሌላው ሥራው ላይ ይውላል፤ ተዝካር የለም። ብዙ አንባቢ አውራ አምባን የሚተዋት እዚህ ላይ ነው፤ "እነሱ ሃይማኖት የላቸውም" ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። የሚያሳዝነው ሌላው ቁም ነገር ሁሉ አብሮ መዘጋቱ ነው። ሊጥ ለማቡካት ከሃይማኖት መውጣት አያስፈልግም። ግን ይህን የሚለው ሰው የከፈሉትን ዋጋም ማሳነስ የለበትም። በእኛ አገር ሰው ከሰው የሚተሳሰረው ለቅሶ ላይና ሠርግ ላይ ነው። ለቅሶ የማይደርስ ሰው የራሱ ቀን ሲመጣ ብቻውን ነው። አውራ አምባዎች ያን ድልድይ አፍርሰው ለአሥርት ዓመታት በጎረቤት ጥላቻ ውስጥ ኖረዋል፤ ተሰድደዋል፣ ጥቃት ደርሶባቸዋል፣ መሬት አጥተዋል። ጎረቤቱ ቀስ እያለ የተመለሰው በወፍጮውና በንግዱ በኩል ነው።

ሌላም የሚያነጋግር ነገር አለ። ይህ ሁሉ የሴቶች እኩልነት ከአንድ ወንድ ስም ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ጋዜጠኛው ዙምራን ይጠይቃል፣ ዩኒቨርሲቲው ዙምራን ይሸልማል። ለሚስቱ፣ ለእህቱ የቆመ ወንድ ቶሎ ጀግና ይሆናል፤ በየቀኑ ሽመና ላይ የዋለችው ሴት ግን ሥራዋን ሠራች ከመባል አታልፍም። ሰውየው ያደረጉት ትንሽ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ከሌሎች አጋር ነን ባዮች የሚለያቸው ነገር ይኸውና፦ ሚስታቸውን በማገዝ አልተወሰኑም፤ እሳቸው ባይኖሩም የሚሠራ ደንብ ይዘው ተነሱ። ደንቡ ያለ እሳቸው ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ገና የሚታይ ነው። ከመንደሩ ወጥተው ዩኒቨርሲቲ የገቡ፣ በከተማ ሥራ የያዙ ልጆች አሉ። እውነተኛው ፈተና እነሱ ናቸው። ኮሚቴ በሌለበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ አማት ሊጠይቅ በመጣበት ቅዳሜ፣ ያ ልጅ ምጣድ ይጥዳል ወይ?

አንቀጽ 646 በከተማ

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሰርዞ ባልና ሚስት ቤተሰቡን በእኩልነት እንዲመሩ አድርጓል፤ አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ፎቶ ተለጥፎ ማየት ዛሬ የተለመደ ነው። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ወንድም ልጅም የሌላት ባለ ደብተር ሴት ግን እርፉን ራሷ እስካልጨበጠች ድረስ መሬቷን ለእኩል መስጠቷ ይቀጥላል። ደብተሩ ተሻሽሏል፤ ሞፈሩ አልተሻሻለም።

በከተማ ደግሞ የተሻረችው አንቀጽ 646 በሕይወት አለች። ባልም ሚስትም ዲግሪ አላቸው፣ ሁለቱም ይሠራሉ፣ ሁለቱም ስለ እኩልነት ጥሩ ይናገራሉ፣ በቤታቸውም ጠብ የለም። ጠብ የሌለው ግን ከጓዳው በር በስተጀርባ ከገጠር የመጣች አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስላለች ነው። ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ትነሳለች፣ ማታ ከሁሉም ኋላ ትተኛለች፤ የዕረፍት ቀኗ "ስትጠይቅ እንሰጣታለን" ነው። ባልና ሚስቱ ሥራውን አልተካፈሉትም፤ ሁለቱም ሸሽተውታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን ቅጥር ከተፈጻሚነት ወሰኑ አውጥቶ ሌላ ደንብ እንዲወጣለት ትቶታል። ይኸው ሥራ ነው ልጃገረዶቻችንን ቤይሩትና ሪያድ ድረስ የሚወስዳቸው፤ እዚያ ሲበደሉ እንጮኻለን፤ መጮኻችን ልክ ነው፤ እዚህ ያለችውን ግን አንቆጥራትም። እንደ አውራ አምባ ያለ መንደር ውስጥ ሥራውን ወደ ታች የምታወርድባት ሴት የለችም። ለዚህ ነው ወንዱ እንዝርት የጨበጠው።

ይኸው አዋጅ ለወለደች እናት 120 ቀን፣ ለአባት ደግሞ ተከታታይ 3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በሦስት ቀን ውስጥ አንድ አባት የሕፃን ልብስ መቀየር እንኳ በቅጡ አይለምድም፤ አራተኛው ቀን ላይ ሥራው ይገባል፣ እናት ደግሞ በወራቱ ውስጥ የልጁን ነገር ሁሉ የምታውቅ ብቸኛ ሰው ትሆናለች። ከዚያ በኋላ "አንቺ ታውቂበታለሽ" የሚለው ንግግር እውነት ነው፤ እውነት ያደረገው ግን የፈቃዱ አከፋፈል ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ የትምህርት ቤት ወላጆች ስብሰባ ላይ የምትቀመጠው እሷ፣ ልጁ ትኩሳት ሲይዘው ከቢሮ የምትጠራው እሷ፣ በሥራ አፈጻጸም ምዘና ላይ "ፈቃድ ታበዛለች" ተብላ ነጥብ የሚቀነስባት እሷ ናት።

ቢሮ ውስጥም ትንንሽ ምጣዶች አሉ። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማነው? የስብሰባው ሻይና ቆሎ ሲዘገይ ሁሉም ዞሮ የሚያያት ማን ናት? ለታመመ ባልደረባ ገንዘብ የሚሰበስበው፣ ጡረታ ለሚወጣው ስጦታ የሚገዛው? እነዚህ ጊዜ የሚወስዱ፣ ግን በማንም የሥራ ዝርዝር ላይ ያልሰፈሩ ሥራዎች ናቸው። ተራ ማውጣት የአንድ ሉህ ወረቀት ጉዳይ ነው፤ ከሥልጠናው አበል በእጅጉ ይረክሳል። አለቃው ራሱ በተራው ቃለ ጉባኤ የያዘ ቀን ሌላው ወንድ ምክንያት ያጣል።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። በየሚኒስቴሩ ተከፍተዋል፤ ጥሩ ነው። ሲታሰቡም ሲከፈቱም ግን ለሴት ሠራተኞች ተብለው ነው። ሚስቱ የግል ድርጅት ውስጥ ማቆያ በሌለበት የምትሠራ፣ እሱ ማቆያ ያለው መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠራ አባት ልጁን አዝሎ ጠዋት በሩ ላይ ቢቆም ምን እንደሚሉት መጠየቅ ይቻላል። ለሚቀጥለው ማርች 8 ሌላ ቲሸርት ከማሠራት በሩ ላይ ያለውን "ለሴት ሠራተኞች" የሚል ጽሑፍ ማንሳት ይቀድማል።